ካሜራውና ባትሪው ሳይገናኙ ስላለፈው ዓመት

ለክቡር የተማሪዎች የተግባር ዕድል ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከመማሪያ ክፍል ውጭ ስለተደረገልን ነገር ሁሉ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በሥራ ሰዓት ባዶውን ሆኖ የሚጠብቅዎ ያ ባለ ጎማ ወንበር ደህና ናችሁ ብዬ አምናለሁ። እኔ በበኩሌ በርዎ ላይ ካለው የእንጨት አግዳሚ የተነሳ ወገቤን ጥቂት ከማመሙ በስተቀር በሙሉ ጤንነት ላይ እገኛለሁ።

ስሜን ባልጽፍም ያውቁኛል። በመዝገብዎ ተራ ቁጥር አርባ አንድ ላይ የሰፈርኩት የፊልም ጥበብ ክፍል የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በቁጥር ካላስታወሱኝ፣ ያቺ ሰሌዳ ተሸክማ የመጣችው ልጅ ብለው ጸሐፊዎን ቢጠይቁ ወዲያው ትነግርዎታለች። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ማውጣቴም እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ከዚህ ቀደም በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች መንገድ ስተው ይሆናል ብዬ ስለሰጋሁ፣ ይኼኛው እርስዎ ዘንድ ባይደርስ እንኳ ያነበበ ሰው ያወራልዎታል በሚል ተስፋ ነው።

በዋናው በር ላይ ያሰቀሉትን ትልቅ ማስታወቂያ በየቀኑ እያየሁ እገባለሁ። ካሜራ ትከሻዋ ላይ ያደረገች ፈገግተኛ ልጅ ትታይበታለች፤ ከሥሯም ‹ዕድል ከክፍል ውጭ ይጠብቅዎታል› ተብሎ ተጽፏል። ልጅቷ የእኛ ተማሪ አይደለችም፤ ካሜራውም የእኛ አይደለም። ጽሑፉ ግን እውነት ነው። አራት ዓመት ሙሉ እኛ ክፍል ውስጥ፣ ዕድሉ ከክፍል ውጭ ሆነን እንደተጠባበቅን አለን። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት ስሰማ ከእንግዲህ የሚመጣልኝ ያ ማስታወቂያ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በመመሪያችን መሠረት አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ለመመረቅ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንዱ፣ ጽሕፈት ቤትዎ በሚያጸድቀው ተቀባይ ድርጅት ውስጥ አንድ መቶ ስልሳ ሰዓት መሥራት ነው። ሌላው፣ በክፍሉ ካሜራ የተቀረጸ፣ ከአሥር ደቂቃ የማያንስ የመመረቂያ ፊልም ነው። በስልክ የተቀረጸ አይቀበሉም፤ ምክንያቱም የተቋሙን ክብር ይነካል። ሁለቱም ቀላል ናቸው፤ ጽሕፈት ቤትዎ ባይኖር ኖሮ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ፤ በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቴሌቪዥን ጣቢያ ስለመደቡኝ አመሰግናለሁ። ጣቢያው ትልቅ ነው፤ አሳንሰሩ ይሠራል፤ ባጅም ሰጥተውኛል። በመጀመሪያው ቀን የክፍሉ አለቃ ጥሩ ሰው ሆነው፣ ‹አንቺ ልጅ፣ እዚያ ጋ ተቀመጪ፣ ስንፈልግሽ እንጠራሻለን› አሉኝና ከማተሚያ ማሽኑ አጠገብ አንዲት ወንበር አሳዩኝ። ተቀመጥኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠርተውኛል። በመጀመሪያው ወንበሯ ለስብሰባ ስለተፈለገች እንድነሳ ነበር። በሁለተኛው ለአንድ የጥያቄና መልስ ፕሮግራም የተጠሩት ተመልካቾች ቁጥር ስላነሰ መሐላቸው ገብቼ እንዳጨበጭብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሙያዬ ማጨብጨብ ሆነ። እጅ ከደረት ከፍ ካላለ በካሜራ እንደማይታይ፣ ከሰባተኛው የፕሮግራሙ ክፍል በኋላም መዳፍ እንደሚደነዝዝ ያወቅሁት እዚያ ነው። አሥራ አንድ ክፍል አጨብጭቤያለሁ። በልምምድ ቅጼ ላይ ‹በስቱዲዮ ቀረጻ ንቁ ተሳትፎ አድርጋለች› ተብሎ ተጽፎልኛል፤ ውሸት ነው ብዬ መከራከር አልችልም።

የትዕይንት ዝግጅት የምታጠናው ጓደኛዬ ደግሞ ለድግስ አዳራሾች ወንበርና መጋረጃ ከሚያከራይ ድርጅት ተመድባ፣ ደብዳቤው የደረሳት ዕለት ስታለቅስ ዋለች። ይሁንና በሁለት ወር ውስጥ ጨርቅ መስቀል፣ አምፖል መደበቅ፣ አስቀያሚ ምሰሶ መሸፈን ለምዳ ተመለሰች። ከሁላችን መሐል አንድ ነገር ተምራ የመጣች እሷ ብቻ ናት። ይህ በስህተት የተገኘ ውጤት ስለሆነ፣ ለወደፊቱ እንዳይደገም አስፈላጊው ጥንቃቄ እንደሚደረግ አልጠራጠርም።

ሁለተኛ፣ ስለ ካሜራው ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። ክፍላችን ሦስት ካሜራዎች አሉት። ሲገዙ የመዘገቧቸው ሰው ደንብ አዋቂ ስለነበሩ፣ ካሜራውን ቋሚ ንብረት፣ ባትሪውን ደግሞ አላቂ ዕቃ ብለው ጻፏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካሜራው ምድር ቤት ባለው በቋሚ ንብረት ግምጃ ቤት፣ ባትሪው ከግቢው ማዶ በአላቂ ዕቃ ግምጃ ቤት ከሳሙናና ከፎቶኮፒ ወረቀት ጋር ይኖራል። የቋሚው ግምጃ ቤት የሚያስተናግደው ሰኞና ረቡዕ ነው። የአላቂው ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ሁለቱም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይከፈታሉ፤ የወጣ ዕቃ በዕለቱ ከአሥር ሰዓት በፊት መመለስ አለበት። ባትሪውም አላቂ ይባል እንጂ ሳያልቅ እንዲመለስ በውስጥ ማስታወሻ ታዟል። ስለዚህ ሁለቱ የተለያየ ከተማ እንደተመደቡ ባልና ሚስት በዝና ብቻ ይተዋወቃሉ።

የግምጃ ቤቶቹ ሠራተኞች ክፉ ሰዎች እንዳይመስልዎ። የቋሚው ኃላፊ፣ ተማሪው ሁሉ ጋሼ ደረሰኝ የሚላቸው አዛውንት፣ ካሜራዎቹን በፎጣ ጠቅልለው ያስቀምጧቸዋል፤ በየሰኞው መስታወታቸውን ይወለውላሉ። ‹ልጄ፣ ብሰጥሽ ደስታዬ ነው፤ ግን ያለ ባትሪ ምን ያደርግልሻል?› ይሉኛል። ማዶ ስሻገር የአላቂዋ ኃላፊ በበኩላቸው ‹እሰጥሽ ነበር የኔ እመቤት፤ ግን ካሜራ ሳይኖርሽ ባትሪ ለምንሽ ነው?› ይሉኛል። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ግን አንድ መንፈቀ ዓመት ሙሉ በሁለቱ ልክ ሰዎች መሐል ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ስሠራ ከረምኩ።

እርግጥ ነው፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ቀን አለ። ክቡርነትዎ ንግግር በሚያደርጉበት ቀን በአንዲት የስልክ ጥሪ ሁለቱም ግምጃ ቤቶች አንድ ላይ ይከፈታሉ፤ ከእኛም አንዱ ንግግሩን እንዲቀርጽ ይታዘዛል። ይህም የመስክ ልምምድ ይባላል። ከጓደኞቻችን አንዱ እንግዶች እጅዎን ሲጨብጡ ብቻ ስድሳ ጊዜ ቀርጾ፣ ዛሬ ስሙ ተረስቶ ሰላምታ ብለን ነው የምንጠራው። ብልጦቹ ደግሞ የመመረቂያ ፊልማቸውን በዚያው ቀን፣ በዚያው ግቢ፣ ንግግርዎ ሳያልቅ ይቀርጻሉ። ባለፈው ዓመት የተመረቀ አንድ ልጅ የፍቅር ታሪክ ሠርቶ ነበር። ልጅቷ ከዛፉ ሥር ቆማ ‹እወድሃለሁ› ስትለው፣ ከጀርባዋ የእርስዎ ድምፅ ‹ባለድርሻ አካላትን በማስተባበር› እያለ በጥራት ይሰማል። መምህራኑ ድምፁን ለምን እንዳላወጣው ሲጠይቁት፣ ካወጣሁት ፊልሙ ጸጥ ይላል ብሎ መለሰ። በጥሩ ውጤት አለፈ።

እኔ ይህን ብልሃት ልጠቀምበት አልቻልኩም፤ ምክንያቱን በሦስተኛው ምስጋናዬ እገልጻለሁ። ረዘም ቢልብዎ ይታገሡኝ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ከአባቴ ይጀምራል፤ አባቴ ሰሌዳ ጸሐፊ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በብሩሽ ኖሯል። በሰፈራችን ‹መድኃኒት ቤት›፣ ‹የተነፈሰ ጎማ እንሞላለን›፣ ‹ጥርስ ያለ ሕመም ይነቀላል›፣ ‹እዚህ ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው› የሚሉት ጽሑፎች በሙሉ የእሱ እጅ ናቸው። ማንበብ የጀመርኩት በመጽሐፍ ሳይሆን በግድግዳ ስለነበር፣ ትምህርት ቤት ስገባ ከማንም ቀድሜ ያነበብኩት ቃል ‹ክልክል› የሚለው ነው። ይህም በኋላ ጽሕፈት ቤትዎን በቀላሉ እንድረዳ ጠቅሞኛል።

አባቴ ሥራ የሚጀምረው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ኖራ የጠገበ ክር በሰሌዳው ላይ ወጥሮ ይለቅና ቀጥ ያለ መስመር ይተዋል። ጫፏ በጨርቅ የተጠቀለለች በትር በግራ እጁ ይዞ ቀኝ እጁን ያሳርፍባታል። ከዚያ ትንፋሹን ይውጥና አንዱን ፊደል ከላይ እስከ ታች ሳያነሳ ይጽፈዋል። ሁለት ሰዓት ላይ ጨርሶ ብሩሹን ያጥባል፤ ምክንያቱም ፀሐይ ሰሌዳው ላይ ከወጣች ቀለሙ ቶሎ እየደረቀ ከብሩሹ ጋር ይጎተታል። ግምጃ ቤቶቹ በሚከፈቱበት ሰዓት አባቴ ሥራ ጨርሶ ቁርሱን ይበላል ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ አይቶት፣ ይብሳል እንጂ አይሻልም አለው። አባቴም አስቦ አስቦ አንድ የመጨረሻ ሰሌዳ ልጽፍና ላቁም፣ እሱንም አንቺ ቅረጪኝ አለኝ። የመመረቂያ ፊልሜ ይኸው ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ማለዳ። የመጨረሻው ሰሌዳ ለጎረቤታችን ፀጉር አስተካካይ እንዲሆን ተስማምተው፣ አባቴ ቆርቆሮውን ነጭ ቀብቶ ግቢያችን ውስጥ ግድግዳ አስደግፎ አቆመው። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ፤ የቀረው ካሜራ ብቻ ነበር።

ከዚያ በየምሽቱ ስገባ ‹ካሜራው መጣ?› ይለኛል። ነገ እለዋለሁ። ‹ይሁን፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል› ይላል። ፀጉር አስተካካዩ በየሳምንቱ እየመጣ ነጩን ሰሌዳ ዐይቶ ይመለሳል። የእሱ አሮጌ ሰሌዳ በዝገት ተበልቶ ግማሽ ስሙ ስለጠፋ፣ ሰው ቤቱን እያለፈ ወደሚቀጥለው ይሄድበታል። ‹ጋሼ፣ እኔ እጠብቃለሁ፤ ያደገው ፀጉር ግን አይጠብቀኝም› ብሎ ሲቀልድ፣ አባቴ ‹ልጄ ሳትቀርጸኝ አልጽፍም› ብሎ አሰናበተው። የሚጠብቁት እንግዲህ ሁለቱም እኔን ነበር፤ እኔ ደግሞ እርስዎን።

መመሪያውን ደጋግሜ ሳነብ አንቀጽ ዘጠኝ ላይ አንድ ቀዳዳ አገኘሁ። አንድ ተማሪ ከተቀባይ ድርጅቱ ጋር ለሚሠራው ሥራ፣ ካሜራና ባትሪ በአንድ ላይ ለሦስት ተከታታይ ቀን ሊፈቀድለት ይችላል ይላል። ወዲያው የቴሌቪዥን ጣቢያው ቀርቶ የአባቴ የሥራ ቦታ ተቀባይ ድርጅት እንዲሆንልኝ አመለከትኩ። ሰዓቴም ይቆጠርልኛል፣ ፊልሜም ይቀረጽልኛል ብዬ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ በአራት ሳምንት ውስጥ ብቻ መልስ ሰጠኝ። ተቀባዩ ድርጅት አርማ ባለበት ደብዳቤ፣ ፊርማና ማህተም አኑሮ መቀበሉን ያሳውቅ የሚል ነበር።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ደብዳቤው ምን ማለት እንዳለበት ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ሰምቶኝ ተኛ። በማግስቱ ማክሰኞ ስለነበር፣ ለባትሪ ወረፋ ለመድረስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከቤት ወጣሁ። ባትሪውን አላገኘሁም፤ ካሜራ የለሽም ተባልኩ። ስመለስ የፀጉር አስተካካዩ ነጭ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነው፤ ነገር ግን ነጭ አልነበረም።

አባቴ ደብዳቤውን ሰሌዳው ላይ ጽፎት ነበር። አርማ ያለው ወረቀት ስለሌለው፣ ከላይ አንዲት ብሩሽ ሣለና ከሥሯ ቀይ መስመር አሰመረ። ቀጥሎ በዚያ ሰፈሩ ሁሉ በሚያውቀው እጅ፣ ‹ለሚመለከተው ሁሉ፦ ይህች ተማሪ በሥራ ቦታዬ ሠርታ እንድትማር ተቀብያታለሁ፤ የማውቀውን አሳያታለሁ› ብሎ ጻፈ፣ ፈረመም። ማህተም ግን አልሣለም። ማህተም መሣል ወንጀል መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ለማህተሙ የሚሆን ክብ ቦታ በቀጭን መስመር ከልሎ ባዶውን ተወው። ‹ደብዳቤ አይደል የጠየቁሽ? ወረቀት የለኝም፤ ሰሌዳ አለኝ› አለኝ። ‹የፀጉር አስተካካዩን ሌላ እሠራለታለሁ።›

በሦስተኛው መስመር፣ ‹ተቀብያታለሁ› የሚለው ቃል ላይ ብሩሹ ጥቂት ተንቀጥቅጧል። እሱ ነፋስ ነበር ይላል። በዚያን ቀን ማለዳ ነፋስ አልነበረም፤ ደጅ ወረፋ ላይ ስለነበርኩ አውቃለሁ።

ሰሌዳውን ይዤ አውቶቡስ ላይ ስወጣ ተሳፋሪው ሁሉ አነበበው። አንዲት እናት ‹እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ፣ ተቀበሉሽ› ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። የጽሕፈት ቤትዎ የመዝገብ ሠራተኛ፣ እግዜር ይስጣትና፣ አልሳቀችብኝም። ሰሌዳውን ገልብጣ አየችው፤ የት ጋ እንደምትበሳው ፈለገች፤ ‹እህቴ፣ ይኼ ፋይል ውስጥ አይገባም› አለች። ከዚያ ግን የተከለለውን ክብ አይታ፣ ቦታ ተዘጋጅቶልኝማ እንዴት እተወዋለሁ ብላ ‹ገቢ ሆኗል› የሚለውን ክብ ማህተም ልክ መሐሉ ላይ አሳረፈችው። ገጠመ። ሁለታችንም ትንሽ ቆመን አየነው። ከዚያ ሰሌዳው ወደ ክቡርነትዎ ተመራ።

ውሳኔዎ በሁለት ሳምንት ደረሰኝ። ‹የቀረበው ማስረጃ ማህተም ስለሌለው ተቀባይነት የለውም› ይላል። ያችን ዓረፍተ ነገር በጽሕፈት ቤትዎ ብቸኛው ማህተም ያለበት ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው እንደጻፏት ሳስብ፣ ለሥራዎ ያለዎት ጽናት ያስደንቀኛል።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አባቴ የገባውን ቃል ሊፈጽም ሌላ ቆርቆሮ ነጭ ቀባ። አንድ ማለዳ ክሩን ወጠረ፣ በትሯን ያዘ፣ ቆርቆሮውን በብሩሹ ሁለት ጊዜ ነካ አደረገ። ከዚያ የነካውን በጨርቅ ጠረገና ብሩሹን አጥቦ ሰቀለው። ከዚያን ቀን ወዲህ ብሩሽ አልጨበጠም። ፀጉር አስተካካዩ በመጨረሻ በማሽን የታተመ የላስቲክ ሰሌዳ ሰቀለ፤ አባቴ በዚያ በኩል ሲያልፍ ግን ሰውየው ጥፋት እንደሠራ ሰው አንገቱን ይደፋል። አባቴ ‹ምን ሆነሃል፣ ይነበባል እኮ፤ ዋናው መነበቡ ነው› ብሎ ያጽናናዋል።

ስለዚህ ያ ለእርስዎ የተጻፈው ደብዳቤ የአባቴ የመጨረሻ ሰሌዳ ሆነ ማለት ነው። ሲጽፈው አልቀረጽኩትም፤ በስልክም እንኳ። በዓይኔም አላየሁትም። እሱን የምቀርጽበትን ባትሪ ልለምን ሄጄ ነበር። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ለአንድ አፍታ ምስጋናዬን አቋርጬ እውነቱን ልንገርዎት፤ አዝኛለሁ። በጣም አዝኛለሁ። ሌላ ሰሌዳ ይገኛል፣ ሌላ ፊልምም ይሠራል፤ ያ ማለዳ ግን አንድ ነበር።

አራተኛውን ምስጋናዬን ቁጥር ሳልሰጠው ላስከትል። ባለፈው ወር የመመረቂያ ቅጽ ላስሞላ መጥቼ በርዎ ገርበብ ብሎ ስላየሁ ወደ ውስጥ ተመለከትኩ። ሰሌዳው ከወንበርዎ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በሚገባ ነው የተሰቀለው፤ ሚዛኑም ልክ ነው። እንግዶች ሁልጊዜ እንደሚያደንቁት፣ እርስዎም ‹ይህ ከክፍል ውጭ ዕድል ያገኙ ተማሪዎቻችን የእጅ ሥራ ነው› እያሉ እንደሚያስረዷቸው ጸሐፊዎ በደስታ አጫወተችኝ። በደብዳቤነት ያልተቀበሉትን በጌጥነት መቀበልዎ የልብዎን ስፋት ያሳያል። አባቴም በስድሳ ሁለት ዓመቱ ተማሪዎ በመሆኑ ከቤተሰባችን ሁለት ሰው አስተማሩ ማለት ነው።

አባቴ አሁንም ማታ ማታ ‹መልስ መጣ?› ይለኛል። ካሜራውን መጠየቅ ትቷል። ውሳኔውን ልነግረው ስላልቻልኩ፣ ሰሌዳው በትልቅ ሰው ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል አልኩት። ይህም እውነት ነው። ደስ አለው፤ ከልቡ ነው ደስ ያለው። ጥቂት ካሰበ በኋላ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀኝ። ከሰሌዳው ፊት ለፊት ነው ስለው ፊቱ ተለወጠ። ‹የከሰዓት ፀሐይ ካገኘው ቀዩ በሁለት ዓመት ይደበዝዛል፤ መጋረጃውን እንዲያወርዱት ንገሪያቸው› አለኝ። መልእክቱን ይኸው አድርሻለሁ።

ከዚህ በላይ አላስቸግርዎትም። ካሜራውና ባትሪው በአንድ ቁምሳጥን ይደሩ ብዬ መጠየቅ በሁለት ግምጃ ቤቶች መሐል የቆየ ሰላም እንደሚያናጋ አውቃለሁ። በርዎ ላይ ያለው አግዳሚም እንዲለወጥ አልጠይቅም፤ ከእኔ በኋላ የሚመጡት ልጆች በአራት ዓመት ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚቀመጡበት እሱ ስለሆነ ቅርስ ሆኖ ቢቆይ ይሻላል። የምጠይቀው መጋረጃውን ብቻ ነው።

ለጤናዎ፣ ለዕድሜዎና ለወንበርዎ ጎማዎች እየተመኘሁ፣ ስላደረጉልኝና በተለይም ስላላደረጉልኝ ሁሉ በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ አሥራ አንድ ክፍል ባጨበጨቡ ሁለት እጆቼ ከደረቴ ከፍ አድርጌ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
ተራ ቁጥር አርባ አንድ፣
የሰሌዳ ጸሐፊው ልጅ

ግልባጭ፦
ለቋሚ ንብረት ግምጃ ቤት
ለአላቂ ዕቃ ግምጃ ቤት
(በተለያየ ቀን እንዲደርሳቸው)

ሊዘነጋ የማይገባ ተጨማሪ፦ ጽሕፈት ቤትዎ የተመሠረተበትን አምስተኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ ‹ሰፊ ዕድል ከክፍል ውጭ› በሚል ርዕስ በቢሮዎ ተቀምጠው የሚያደርጉትን ንግግር የመቅረጹ የመስክ ልምምድ ለእኔ መሰጠቱን የሚገልጸው ደብዳቤ ትናንት ደርሶኛል። ሁለቱም ግምጃ ቤቶች በአንድ ቀን እንዲከፈቱ ስለታዘዘ፣ በመጪው ሐሙስ ካሜራውና ባትሪው በእኔ እጅ ይገናኛሉ። ወንበርዎን ጥቂት ወደ ቀኝ ፈቀቅ ቢያደርጉልኝ ደግ ነው፤ ባያደርጉም ችግር የለውም፤ ካሜራው ጥርት አድርጎ የሚያየው ከጀርባዎ ያለውን የሰሌዳውን ሦስተኛ መስመር ስለሆነ እርስዎ ብዥ ብለው ይታያሉ። እንዳይቀየሙኝ። ታዲያ የመመረቂያ ፊልም ከአሥር ደቂቃ ማነስ ስለሌለበት፣ ንግግርዎን እንዳያሳጥሩብኝ አደራ እላለሁ።